የፍሬኑ ወረቀት

ሽታው የገዛ መኪናውን ጉድ ያወጣል የተባለውን ወረቀት ሄዳ እንድታመጣ ለእህቱ የመሳፈሪያ ሲሰጣት በዓይኔ አይቻለሁ። አርብ ጧት ነው፤ እኔ ሳሎኑ መሐል ቆሜያለሁ፣ እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፉሉን በዳቦ እየጠረገ ይበላል። ሶፋው ከተገዛ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ላስቲኩ ግን አልተነሣለትም፤ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ተሻለች በሩ ላይ ነው የቆመችው። የወንድሟ ቤት ነው፣ ጓሮው ባለችው አንዲት ክፍል ከነልጇ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፣ ሳሎኑ ውስጥ ግን ተቀመጪ ካልተባለች አትቀመጥም። ያን ቀንም አልተባለችም። ሽታው እጁን በሶፍት ጠርጎ ከሸሚዙ ኪስ አራት መቶ ብር አወጣና ሰጣት። «ለሁለታችሁም ይበቃል፤ ምሳም ብሉበት» አላት። ወደ እኔ ዞረና ደግሞ፣ «ወንዱ፣ ከሰዓት ቅሬው ሲሰበሰብ ጮክ ብለህ ነው የምታነብልን። የኔም መኪና ቢሆን እውነቱ ይውጣ» አለኝ። ተሻለች ገባ አለችና ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው። እኔም ሞኙ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ ብዬ በልቤ መረቅሁት። ዛሬም ድረስ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይኸ ምርቃቴ ነው።

እኔ ማመልከቻ ጻፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛና ጃንጥላ አለኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት አሳምሬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ጽሑፌ ያምራል፤ ይኸን ጠላቴም አይክደኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ የሽታው ሚኒባስ ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ሲመጣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ተገለበጠ። ሦስት ሰው ሞተ። አንዷ የጎረቤታችን የሀጀራ ልጅ ሀውራ ናት፤ ጅዳ አምስት ዓመት ሠርታ ከገባች ገና ሃያ ቀኗ ነበር። ሹፌሩ ዝናው የተሻለች አንድ ልጇ ነው። እሱ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈና ታሰረ፤ በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ተብሎ ተከሰሰ። ተሻለች ታዲያ አንዲት ነገር ይዛ አለቅም አለች። «ፍሬኑ የታመመ መኪና ቦሎ እንዴት አገኘ? ደህና ነው ብሎ መርምሮ የለጠፈለት ሰው የለም? እሱ ይጠየቅ» አለች። እውነቷን ነው፤ መኪና በዓመት አንዴ ሳይመረመር ቦሎ አይለጠፍለትም፣ ያ መኪና ደግሞ ቦሎው ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ወንድሟን ግን በክፉ አታነሣም። «ጋሼማ ምን ያድርግ፣ ደህና ነው ብለው ወረቀት ሰጥተውት» ነበር የምትለው።

መረጃ መጠየቅ መብታችን መሆኑን የነገረን የሀጀራ ልጅ ዑበይዱላህ ነው፤ የሟቿ ወንድም፣ እሱም ጅዳ ነው ያለው። ሕጉን በቴሌግራም ላከልን። ማንም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለውን መዝገብ አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ መሥሪያ ቤቱም በሠላሳ ቀን መልስ ይሰጣል ይላል። በሠላሳ ቀን ሲል ሳቄ መጣ። ቢሆንም ልጁ አልሰነፈም፤ «የፍሬኑ ጉዳይ» ብሎ ግሩፕ ከፈተና ጅዳም ኩዌትም ያሉ የሐይቅ ልጆች በየአቅማቸው ላኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ምንጣፍ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ማታ ደክሟቸው ሲገቡ ስለ አንድ ሚኒባስ ፍሬን ገንዘብ ያዋጣሉ፤ እንባዬ ነው የመጣው። እዚህ ደግሞ ቅሬያችን አዋጣ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የኛው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ የሚቀብር ነው። ሐይቁ ዳር ከተሻለች ጋር ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች የአንድ ቀን ሽያጫቸውን ሰጡ። ሀጀራ ልጇ ያመጣችላትን የጆሮ ጌጥ ሸጣ ሰጠች። ከሁሉ ይበልጥ የሰጠው ግን ሽታው ነው፤ አምስት ሺህ ብር፣ ሰው ፊት ቆጥሮ። ለደሴ ጠበቃ፣ ለምልልስ፣ ለኮፒ፣ ብሩ እንደ በጋ ጅረት ነው ያለቀው።

የመኪናው የምርመራ መዝገብ ይሰጠን ብዬ ቦሎውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን በቅሬው ስም ጻፍሁት፣ ማንም ለብቻው ጥርስ እንዳይነከስበት ብለን። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ማመልከቻ ያለ ግልባጭ ጥርስ የሌለው ውሻ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚፈራው ጥያቄህን ሳይሆን ግልባጭህን ነው። ስለዚህ ከታች ስድስት ግልባጭ ደረደርሁበት፤ ለዞኑ፣ ለክልሉ፣ ለፀረ ሙስናው፣ ለእንባ ጠባቂው፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ጉዳዩን ለያዘው ችሎት። ይኸ አልበቃኝ ብሎ፣ «መልሱም ግልባጭ ለተደረገላቸው ሁሉ በቀጥታ ይላክልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን» የምትል ጨመርሁ። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ቅሬው አጨበጨበልኝ። አራት ወር ከተመላለስን በኋላ ነው እንግዲህ መልሱ ደርሷል፣ አርብ ኑና ውሰዱ የተባልነው።

በመሐሉ ሽማግሌ ሀጀራ ቤት ገብቶ ነበር፤ የሌሎቹ ሁለት ሟቾች ቤተሰብ ቀድሞ ታርቋል። እናት ናት፣ ቀላል አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መለሰች። በአራተኛው፣ «ፍሬን ከሆነ የአላህ ቀደር ነው፤ ልጁ ምን ያድርግ፣ የሱም ክንድ ተሰብሯል» አለችና ይቅር ማለቷን በጣቷ ፈረመች። ሰኞ ዝናው ችሎት ሲቀርብ ቃሏን ራሷ ልትሰጥ ነው። ጠበቃው እንዳለው የሟች እናት ይቅር ካለች ቅጣቱ በገደብ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። ይኸ ለሌላ ሰው ይበቃ ነበር። ለተሻለች አልበቃትም። «ልጄ ይቅር የሚባልበት ምን አጠፋ? ነፃ ነው መውጣት ያለበት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ» አለች። እኔም አበረታኋት። እርቁንም ወረቀቱንም ይዘን እንገባለን አልኋት።

መሥሪያ ቤቱ የት ከተማ እንዳለ አልናገርም፤ ነገም ማመልከቻ ይዤ የምሄደው እዚያው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተሻለች ገቢና አልቀመጥም ብላ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠች፣ ዓይኗ ግን መስተዋቱ ላይ ከተለጠፈው ቦሎ አልተነቀለም። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ አሥር ብር ሲጨምር ተሳፋሪው አጉረመረመና ከፈለ። ነጠላዋ ዘይትና ዓሣ ይሸታል፤ ይኸ ሽታ እንዳይታወቅባት ነው መሰል ጥግ ይዛ ተሰብስባለች። ትንሽ እንደሄድን፣ «ዝናው እኮ በጠየቅሁት ቁጥር ተይው ነው የሚለኝ» አለች። «ምኑን?» አልኋት። «ይኸን ወረቀት ነዋ። እማዬ ተይው፣ እርቁ ይበቃኛል፣ አትልፊ ይለኛል። አንገቱን ደፍቶ። እስር ቤት ሰው ተስፋ ያስቆርጣል መቼም።» አዎ፣ ተስፋ ያስቆርጣል አልኋት። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ችግር ስሰማ የኖርሁ ሰውዬ፣ ያን ሰዓት አንድም ነገር አልጠረጠርሁም።

መዝገብ ቤቷ ጠባብ ናት። ፋይሉ መደርደሪያ ሞልቶ በማዳበሪያ ጆንያ መሬት ላይ ተከምሯል፤ መስኮቱ ሥር አንዲት የሻይ ፍላስክና የተሰበረ ማራገቢያ አለ። መዝገብ ያዥዋ ስህን ትባላለች፣ ከምልልሱ ብዛት ተዋውቀናል። ሌላ ጊዜ ስንገባ ነገ ኑ ለማለት እንኳ ቀና አትልም ነበር። ያን ቀን ግን ተነሥታ ለተሻለች ወንበር ሳበችላት። ደግ ነገር አልመሰለኝም፤ መሥሪያ ቤት ወንበር የሚሰጥህ ሊነግርህ የፈራው ነገር ሲኖር ነው። ፖስታውን አስፈርማ ሰጠችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እናትየው ናቸው?» አለችኝ። «ናት» አልሁ። «እንግዲህ ውጭ ሆናችሁ አንብቡት» አለች። ተመልሳ ተቀመጠችና ሥራ እንዳላት ሁሉ ባዶ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ፖስታው ውስጥ ሁለት ገጽ አለ፤ አንዱ ደብዳቤ፣ ሌላው የምርመራው ቅጽ ኮፒ። ቅጹ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል፤ መብራት ደህና፣ መሪ ደህና፣ ፍሬን ደህና። ከግርጌው የአሽከርካሪ ማረጋገጫ የሚል አለ። «ተሽከርካሪውን በዛሬው ዕለት ራሴ አቅርቤ፣ ፍሬኑን ከመርማሪው ጋር ሞክሬ ያለ እንከን መሥራቱን አረጋግጫለሁ» ይላል። ሥሩ ዝናው ብሎ ፈርሟል። ደብዳቤው ደግሞ፣ መሥሪያ ቤቱ ቦሎውን የሰጠው አሽከርካሪው ባረጋገጠው መሠረት ስለሆነ ሐሰት ከተገኘ ተጠያቂው ፈራሚው ነው ይላል። የባለንብረቱ ስም የትም ቦታ የለም። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ተሻለች ፊደል አልቆጠረችም፤ ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። «ምን ይላል?» አለች። ልዋሽ አስቤ ነበር። ምላሴ አልታዘዝ አለኝና እንዳለ ነገርኋት።

አላለቀሰችም። «በስንት ቀን ነው የተፈረመው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ነገርኋት። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችና፣ «ያን ቀን መኪናው ግቢያችን ውስጥ ጎማው ወልቆ፣ በድንጋይ ቆሞ ነበር» አለች። «መኪናው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ነው ወረቀት ይዞ ጓሮ የመጣው። የኢንሹራንስ ነው፣ ሹፌሩ መፈረም አለበት አለኝ። ልጄ አነበበውና አልፈርምም አለ። ፍሬኑ ሳይሠራ እንዴት ብዬ አለ። ጋሼ ምንም አልተናገረ፣ ዝም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ነኝ የተናገርሁት። አጎትህ ነው፣ የምናድረው በሱ ቤት ነው፣ ምን ቸገረህ ፈርምለት አልሁት። የኢንሹራንስ ነው ስላለኝ ከቦሎው ጋር አላያያዝሁትም። ዓሣ እየጠበስሁ ነበር፣ እጄ ዘይት ነበር፤ በቀሚሴ ጠርጌ እስክሪብቶውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ።» ይኸን ሁሉ ስትናገር ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። አንድ ሰውዬ በመሐላችን አልፎ ደረጃውን ወጣ፤ ይቅርታ እንኳ አላለን።

ቀጥላ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና፣ «እንቅደደው፤ አልሰጡንም እንላለን» አለች። ያኔ ነው ያ የግልባጩ መስመር ትዝ ያለኝ። ቀና ስል ስህን መስኮቱ ላይ ቆማ ታየናለች። ገብቼ ጠየቅኋት። ለስድስቱም ረቡዕ ዕለት ወጪ ሆኖ ሄዷል፣ እናንተው ናችሁ በጽሑፍ የጠየቃችሁ አለችኝ። ማመልከቻዬን አውጥታ መስመሩን አሳየችኝ፤ ያችን ያጨበጨቡላትን መስመር፣ ባማረው ጽሑፌ። ተመልሼ ለተሻለች ስነግራት፣ «ማን ጨምር አለህ?» ብቻ አለችኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የጣልሁባት ግን እኔ ነኝ።

ስንመለስ፣ መንገዱን አጋምሰናል። ድንገት፣ «ጋሼ ያውቅ ነበራ» አለች። «ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንዳለ ያውቅ ነበር። አውቆ ነው አምስት ሺህ የሰጠኝ።» እኔም እሱን ሳሰላስል ነበር። ባለመኪናው ጥፋተኛ ቢባል ለሦስት ሟች ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል፤ ሹፌሩ ዋሽቶ ፈረመ ከተባለ ግን እሱም የተታለለ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ያን ወረቀት ራሱ ቢያወጣው የእህቱን ልጅ ሸጠ ይባል ነበር። እህቱ በሰው ገንዘብ፣ በሰው ላብ ካወጣችውስ ማን ምን ይለዋል? ይኸን አልነገርኋትም። ነገሩ ገብቷታል። «ስሙን ዝለለው፣ ወንድዬ። ስታነብ ስሙን ብቻ ዝለለው» አለችኝ። እሺ አልኋት።

ቅሬው ከጁምዓ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተሰበሰበ። የቅሬያችን ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ድስቶቹ ጥግ ይዘው ተደርድረዋል፣ አግዳሚው ላይ ስድሳ ያህል ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሽታው ፊት ለፊት ነው። ሀጀራ ከሴቶቹ መሐል ጥቁር ሻሿን አጥብቃ ተቀምጣለች፤ ተሻለችን ስታያት ጠጋ አለችና ጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። የቅሬው ዳኛ ሼህ አብዱልመናን ዱዓ አድርገው፣ እኛም አባታችን ሆይ ደግመን፣ ነገሩ ተጀመረ። ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ዑበይዱላህ ከጅዳ ሆኖ ይሰማል። «ጋሽ ወንዱ፣ ካነበቡት በኋላ ፎቶ አንሥተው ግሩፑ ላይ ይልቀቁልን፤ የላኩት ሁሉ እየጠበቁ ነው» አለ። የመዝለሉ ነገር እዚያ ላይ አከተመ። ጮክ ብዬ አነበብሁ። ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ አነሰ፤ ከኋላ አንዱ፣ «አልተሰማም» አለ። ደገምሁት።

ተሻለች ተነሣች። ደረጃው ላይ የነገረችኝን ሁሉ፣ መኪናው በድንጋይ መቆሙን፣ ወረቀቱን ያመጣው ማን እንደሆነ፣ እስክሪብቶውን ማን እንዳቀበለ፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ሽታው እስክትጨርስ ድረስ አላቋረጣትም። ጨረሰች። እሱም በእርጋታ፣ «እህቴ እናት ናት፤ ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ አልቀየማትም» አለ። «ወንዱ፣ እዚያ ወረቀት ላይ የኔ ስም አለ ወይ?» አለኝ። ስድሳ ሰው አየኝ። «የለም» አልሁ። እውነት ነው፣ የለም።

ሀጀራ እጇን ከተሻለች ክንድ ላይ አነሣች። ልብ ያላለ ሰው አያየውም ነበር፣ እኔ ግን አይቻለሁ። «ተሻለች» አለቻት፤ «እስክሪብቶውን ተይውና አንድ ነገር ንገሪኝ። ፍሬኑ እንደማይዝ ልጅሽ ያውቅ ነበር?»

ተሻለች ወደ ወንድሟ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «ያውቅ ነበር» አለች።

«እያወቀ ልጄን አሳፈራት።»

«አሳፈራት።»

ሀጀራ ለመነሣት ሁለት ሴቶች ደገፏት። «እኔ ቀደር ነው ብዬ ነው ይቅር ያልሁት» አለች ለሼህ አብዱልመናን። «የአላህ ሥራ ነው ብዬ። የሰው ሥራ መሆኑን መች ነገራችሁኝ?» ሼሁ ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ «ሀጀራ፣ ዛሬ ልብሽ ቆስሏል፤ እስኪ እደሪበትና እንነጋገር» አሏት። «አራት ወር አድሬበታለሁ፣ አባባ» አለቻቸው። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ ቆመች። «ወንዱ፣ ብዕር ይዘሃል አይደል። ይቅርታዬን አንሥቻለሁ ብለህ ጻፍልኝ። ሰኞ ይዤው እገባለሁ።» አልጽፍም ማለት እችል ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ብሎ ይመክረኛል፣ ኋላ ላይ። ግን የልጇ ሬሳ ሲታጠብ ደጇ ላይ ቆሜ ነበር፤ ምን ብዬ ነው እምቢ የምላት? አራት መስመር ጻፍሁ፣ ግልባጭ የለበትም። አነበብሁላት። ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ አተመች።

ሦስት ምስክር ያስፈልገዋል። ሁለት የሀጀራ ዘመዶች መጥተው ፈረሙ። ሦስተኛ ተጠራ። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። እናትየው እዚያው ቁጭ ብላ፣ ልጇን ስድስት ዓመትም ይሁን ስምንት እስር ቤት የሚያስቀር ወረቀት ላይ ማን ይፈርማል? ደስ አለኝ፤ ሦስተኛ ይጠፋል፣ ወረቀቱም ይቀራል ብዬ።

ሽታው ከአግዳሚው ተነሣ። «እውነት እውነት ነው» አለ፤ «የእህቴ ልጅ ቢሆንም።» የሸሚዙን እጅጌ ሰብሰብ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ ስሙን እስከ አያቱ ድረስ ጽፎ ፈረመ። ሀጀራ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ሰው መውጣት ጀመረ፤ በተሻለች በኩል የሚያልፈው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል። ሽታው በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለና፣ «ነይ እንጂ፣ እንሂድ፤ ይመሽብሻል» አላት። ተነሥታ ተከተለችው።